ሙስካዴ ተበላሽቶ ነው ወይስ ጠባዩ ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእህቴ መልስ በሚቀጥለው ወር ስለሆነ ለ60 ሰው የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ነጭ ወይን ስፈልግ ሙስካዴ የሚባል የፈረንሳይ ወይን በ14 ዶላር አገኘሁ። ጠርሙሱ ላይ ‹ሴቭር ኤ ሜን፣ ሱር ሊ› የሚል ጽሑፍ አለ። ሙስካት መስሎኝ፣ ጣፋጭና መዓዛው የሚያውድ ነው ብዬ ነበር የገዛሁት። ሌሊቱን ፍሪጅ አሳድሬ በማግስቱ ከዶሮ ወጥ ጋር ስንቀምሰው ግን ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ሆነብን። ሽታ የለውም፣ ጥርስ ያጠርሳል፣ ምላስ ላይም ቆንጠጥ ያደርጋል። ጠርሙሱ ሥር ደግሞ የመስታወት ስባሪ የመሰለ ነገር ተኝቷል። አጎቴ ‹ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል፣ መልሺው› አሉኝ። እውነት ተበላሽቶ ነው? ወይስ ርካሽ ስለሆነ ነው? አራት ካርቶን ልገዛ አስቤ ነበር፤ ልተወው?»

ምላሽ፦ ወይኑ አልተበላሸም፣ አይመልሱት። አራት ካርቶን ግን አይግዙ። ከዘረዘሯቸው ነገሮች ውስጥ አንዱም የብልሽት ምልክት አይደለም። አብዛኛው የሙስካዴ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ የቀረው ከፍሪጁና ከዶሮ ወጡ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ሙስካትን ከዚህ ጉዳይ እናውጣው። ጣሊያኖች ሞስካቶ የሚሉት ሙስካት ብርጭቆው ገና አፍንጫ ጋ ሳይደርስ የብርቱካን አበባና የበሰለ ወይን ፍሬ የሚሸት ዘር ነው። ሽታው ልጣጩ ውስጥ ካሉት ተርፒን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። ሙስካዴ በሎዋር ወንዝ መጨረሻ፣ ወንዙ ወደ አትላንቲክ ሊገባ ሲል በናንት ከተማ ዙሪያ የሚጠመቅ ወይን ነው። የሚሠራበት ዘር ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል፤ ተርፒን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አፍንጫዎን ብርጭቆው ውስጥ ከትተው ምንም ሲያጡ የጠፋ ነገር የለም፤ መጀመሪያውኑም አልነበረም። ብዙ ሰው በዚሁ ስም ይሳሳታል፤ ሱቆችም አንዳንዴ ሁለቱን ጎን ለጎን ደርድረው ስህተቱን ያባብሱታል።

ሜሎን ብዙ ሰው የማያውቀው ዘር ይሁን እንጂ ትውልዱ ዝቅ ያለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የዘረመል ጥናት ወላጆቹ ፒኖና ጉዌ ብላን እንደሆኑ አሳይቷል። ከእነዚሁ ወላጆች ሻርዶኔ፣ አሊጎቴና ጋሜም ተወልደዋል። ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አካባቢ ተሠርቶ በ60 ዶላር የሚሸጠው ሻርዶኔ የዚህ የ14 ዶላር ወይን ወንድም ነው ማለት ነው። መልካቸውም ይቀራረባል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ፒየር ጋሌ የተባለው የፈረንሳይ የወይን ዘር አዋቂ ካሊፎርኒያን ሲጎበኝ፣ ገበሬዎቹ ለዓመታት «ፒኖ ብላን» የሚባል ሌላ ነጭ ዘር ነው እያሉ ሲሸጡት ከኖሩት ውስጥ ብዙው ሜሎን መሆኑን ቅጠሉን አይቶ ነግሯቸዋል። ገዢው ሁሉ ስሙን አምኖ ሲጠጣ ኖሯል።

ይህ ዘር ናንት የደረሰው ለጣዕሙ ተብሎ አልነበረም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ነጋዴዎች በሎዋር ወደብ በኩል አረቄ ለማውጣት የሚሆን ቀለል ያለ ነጭ ወይን ይፈልጉ ነበር። ከዚያ በ1709 አውሮፓን የመታው ከባድ ብርድ የአካባቢውን የወይን ተክል ጨረሰው፤ ብርዱን ቻል የሚያደርገው ሜሎን በሰፊው ተተከለ። አረቄ የሚወጣበት ወይን ደግሞ መዓዛ አይጠየቅም፤ የሚጠበቅበት አሲዱ ንጹሕ እንዲሆን ብቻ ነው። ዛሬም ጠባዩ ያው ነው፤ ቀለሙ ገርጣ ያለ፣ አልኮሉ 12 ከመቶ አካባቢ፣ ስኳር የሌለው፣ ጎምዘዝ ብሎ አፍ የሚያጥብ።

አሁን ጠርሙሱ ላይ ወዳዩት «ሱር ሊ» ልምጣ፤ የዚህ ወይን ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው። ትርጉሙ አተላው ላይ የቆየ ማለት ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላን አያጣውም፤ የወይኑ አተላ ግን ከጌሾና ከእህል የተረፈ ሳይሆን ስኳሩን በልቶ ሥራውን ጨርሶ የሞተ፣ ወደ ታች የሰፈረ ደቃቅ እርሾ ነው። ሌላው ነጭ ወይን ብዙውን ጊዜ መፍላቱን ሲጨርስ ከአተላው ተገልብጦ ይጣራል። ሙስካዴ ሱር ሊ ግን በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ከተለቀመ በኋላ የአውሮፓን ብርድ ወራት በሙሉ አተላው ላይ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ከማርች በፊት ጠርሙስ ውስጥ እንዲገባ ደንቡ አይፈቅድም። ሲታሸግም ከአተላው ላይ በቀጥታ ነው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለበጥ። በናንት አካባቢ ብዙ ጓዳ ውስጥ ይህ የሚሆነው መሬት ውስጥ በተቀበሩ፣ ውስጣቸው በመስታወት በተለበጠ የሲሚንቶ ጋኖች ነው። መሬቱ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል፤ መስታወቱም ለወይኑ ምንም ጣዕም አይሰጥም። የእንጨት በርሜል እዚህ ቦታ የለውም።

አተላው ሦስት ነገር ይሠራል። ኦክስጅንን እየዋጠ ወይኑን ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። የሞተው እርሾ ቀስ እያለ ሲፈራርስ ለቀጭኑ ወይን ትንሽ ውፍረትና ለድፎ የተቦካ ሊጥ የመሰለ ጠረን ይሰጠዋል። ከዚያም ከመፍላቱ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላልተናፈሰ ጥቂቱ ወይኑ ውስጥ እንደሟሟ ይታሸጋል። እርስዎ ምላስዎን ቆንጠጥ ያደረገዎት እሱ ነው። ጠማቂው አስቦበት የተወው ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይጠፋል።

ጠርሙሱ ሥር ያለው የመስታወት ስባሪ የመሰለው ደግሞ መስታወት አይደለም። ወይን በተፈጥሮው ታርታሪክ አሲድና ፖታስየም አለው፤ ሁለቱ ብርድ ሲያገኛቸው ተያይዘው ክሪስታል ሆነው ይወርዳሉ። ለኬክ የሚገባው የታርታር ዱቄት የሚገኘውም ከዚሁ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ደንበኛ እንዳይደነግጥ ወይኑን ወደ በረዶነት እስኪጠጋ አቀዝቅዘው አስቀድመው ያራግፉታል፤ ትንንሽ ጠማቂዎች ይተዉታል። በጥርስዎ መካከል ቢገባ ይንቃጫል እንጂ አይጎዳም። ቀዳዳውን እያዩ ቀስ ብለው ይቅዱና የመጨረሻውን ጉንጭ ጠርሙሱ ውስጥ ይተዉት። ለማረጋገጥ ከፈለጉ አንዱን አውጥተው በሁለት ጣት ይጫኑት፤ ክሪስታል ከሆነ ይፈረፈራል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥም ይሟሟል። የማይፈረፈርና ጠርዙ ስለታም ከሆነ ግን እውነትም የጠርሙስ ስባሪ ስለሆነ ወይኑን ይድፉት። ያጋጥማል፤ እጅግ አልፎ አልፎ።

አጎትዎ ኮምጣጤ ሆኗል ማለታቸው ከጣዕሙ ተነስተው ነው፤ ነገር ግን ኮምጣጤ ከምላስ ይልቅ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። የኮምጣጤ አሲድ ተናኝ ነው፤ ብርጭቆውን ስታነሱት አፍንጫን ይወጋል፣ አንዳንዴም ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። የወይን ፍሬው ታርታሪክና ማሊክ አሲድ ግን ሽታ የላቸውም፤ ምላስ ዳርና ጥርስ ላይ ይቀራሉ። እርስዎ «ሽታ የለውም፣ ጥርስ ያጠርሳል» ብለው ሲጽፉ ነገሩን ጨረሱት፤ ኮምጣጤ ሆኖ ሽታ የሌለው ወይን የለም። በዚያ ላይ ሙስካዴ ሲሠራ ማሊክ አሲዱ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ እንዳይለወጥ ብዙውን ጊዜ ይከለከላል። ማሊክ አረንጓዴ ፖም ውስጥ ያለው አሲድ ነው፤ ቆምጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው።

የተበላሸ ጠርሙስ ግን አይገጥምም ማለቴ አይደለም፤ ለሱቁ ይመልሱት የምልዎት እነዚህን ሲያገኙ ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ ወይኑን በክሎታል፤ ምንም ቢያናፍሱት አይድንም፣ ይባስ ብሎም ይጎላል። ቀለሙ ወደ ማርነት ካደላና የተቀጠቀጠ፣ የጠቆረ ፖም ከሸተተ አየር ገብቶታል፤ ሙስካዴ በወጣትነቱ የገለባ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ቡሹ ከአንገቱ ወጣ ካለ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ከደረቀ ወይኑ ሙቀት መትቶታል፤ ብዙውን ጊዜ በበጋ መኪና ውስጥ ወይም ሙቅ መጋዘን ውስጥ የተረሳ ነው። ሲከፈት እንደ ሻምፓኝ አረፋ ከረጨና ከደፈረሰ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቷል። የክብሪት ወይም የእንቁላል ሽታ ብቻ ከሆነ ግን አይቸኩሉ፤ አተላ ላይ የቆየ ወይን አየር አጥቶ እንዲህ ይላል፣ ብርጭቆው ውስጥ አዙረውት ሩብ ሰዓት ቢታገሡት ይለቀዋል።

እንግዲህ ወይኑ ደህና ከሆነ ለምን እንዲያ መረራችሁ? አንዱ ጥፋት የፍሪጁ ነው። የቤት ፍሪጅ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ያለችው ጥቂት መዓዛ ትደነዝዛለች፤ አሲዱ ግን ይሾላል። ሙስካዴ የሚጠጣው በ9 ወይም 10 ዲግሪ፣ ማለትም 50 ፋራናይት አካባቢ ነው፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ ማለት ነው። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ቡሹን ገፍቶ ያወጣዋል፣ ክሪስታሉንም ያበዛዋል።

ትልቁ ጥፋት ግን የዶሮ ወጡ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ የአገራችን ሰው ስለሚሳሳት ሰፋ አድርጌ ልናገር። ዶሮ ወጥ ቅመም ብቻ አይደለም፤ ለሰዓታት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭ ነው። ምግብ ውስጥ ጣፋጭነት ሲኖር ስኳር የሌለው ወይን ምላስ ላይ ከተፈጥሮው በላይ ይጎመዝዛል፣ ይሳሳል፤ ብስኩት በልተው ሎሚ ውሃ እንደመጠጣት ነው። በርበሬው ደግሞ ማቃጠሉን ከአልኮል ጋር ይደርባል። ሙስካዴ አልኮሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ በዚህ በኩል አልኮሉ 14.5 ከመቶ ከሆነው የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ይሻላል፤ ግን የሚያቃጥለውን አፍ የሚያበርድ ስኳር የለውም። በዚያ ማዕድ ላይ የትኛውም ስኳር አልባ ነጭ ወይን ቢቀርብ ያው ውሃና ሎሚ ነበር የሚሆነው፤ 14 ዶላርም ቢወጣበት፣ 60ም።

ይህ ማለት ግን ሙስካዴ ከሐበሻ ምግብ ጋር አይሄድም ማለት አይደለም። እንዲያውም እንጀራ ለዚህ ወይን ከዳቦ ይሻለዋል እላለሁ። የኮመጠጠ ምግብ የወይንን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል፤ በእንጀራ ሲበላ አሲዱ ዝቅ ያለ ወይን ዝልግልግ ብሎ ሲሞት፣ አሲዱ ከፍ ያለው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጨውም እንዲሁ አሲድን ያበርዳል። ስለዚህ ወይኑን አንድ ምሽት እንደገና ይሞክሩትና ራስዎ ይፍረዱ። የተከፈተው ጠርሙስ ቡሹ ተመልሶበት ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን አይሞትም፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ይክፈቱ። 20 ደቂቃ ቀድመው ያውጡትና መደበኛ የነጭ ወይን ብርጭቆ ሢሶው ድረስ ይቅዱ። መጀመሪያ ባዶ አፍዎን ይጎንጩት፤ ቶሎ አይዋጡት፣ አፍዎ ውስጥ ያንሸራሽሩት። የሎሚ ልጣጭ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ከስር ደግሞ የሊጥ ጠረን ያገኛሉ፤ ከዋጡት በኋላ ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነገር ምላስዎ ጫፍ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጨውና ሎሚ ብቻ ነክቶት የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ ጠቅልለው ይጉረሱና መልሰው ይጎንጩት። ያ ጥርስ ያጠረሰው አሲድ አሁን የዓሣውን ዘይት ሲያጥበው ይታወቅዎታል። አይብ በጎመን ቢጨምሩበትም ያው ነው፤ የአይቡን ቅባት ቆርጦ አፍን ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጀዋል። ለብለብ ያለ ክትፎ፣ ሚጥሚጣው ካልበዛበት፣ የምወደው ነው። አልጫም ይችላል። በናንት አካባቢ ሰው ይህን ወይን የሚጠጣው ከኦይስተርና ከሌሎች የባሕር እንስሳት ጋር ነው፤ ጉዳዩ አንድ ነው፣ ጨው ያለበትና ያልጣፈጠ ምግብ። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተዋለሁ፤ ወይኑም የሚያገባው ጥያቄ አይደለም።)

ስለዚያ ጨው ጨው ስለሚለው ነገር አንድ ቃል። የወይን ሻጮች «ባሕሩ ነው፣ ድንጋዩ ነው» ይላሉ። የሴቭርና የሜን ወንዞች የሚያልፉበት አፈር እውነትም ግራናይት፣ ናይስና ጋብሮ የሚባሉ አሮጌ ድንጋዮች ናቸው፤ ተክሉ ግን ድንጋይ ቀልጦለት ወደ ፍሬው አይወስድም፤ ወይን ውስጥ የሚገኘው ማዕድንም በምላስ ለመታወቅ እጅግ ያነሰ ነው። አፈሩ ውሃ የሚይዝበትና ሙቀት የሚለቅበት መንገድ አሲዱንና የፍሬውን አበሳሰል ይለውጣል፤ ይህ ይበቃል። የፍራፍሬ መዓዛ ሲያንስና አሲድ ሲበዛ አፋችን ያንን «እርጥብ ድንጋይ» ብሎ ይጠራዋል። ታሪኩ ያምራል፤ ለታሪኩ ብላችሁ ግን አምስት ዶላር አትጨምሩ።

ርካሽነቱስ? እዚህ ላይ «ርካሽ ስለሆነ ነው?» የሚለው ጥያቄዎ ተገልብጦ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ያህል ሥራ ያለው ወይን ለምን ረከሰ? አንደኛ፣ በርሜል የለውም። 225 ሊትር የሚይዝ አዲስ የፈረንሳይ ኦክ በርሜል እስከ 1,000 ዩሮ ይደርሳል፤ የሚሞላው 300 ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ በያንዳንዱ ላይ ሦስት ዩሮ ያህል ይጨምራል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የሲሚንቶ ጋን ግን አንዴ ተሠርቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሁለተኛው ምክንያት የስሙ መውደቅ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሙስካዴ በፈረንሳይ ምግብ ቤቶችም በእንግሊዝም በጣም ተፈልጎ ነበር፤ ፍላጎቱ ሲበዛ ብዙ ነጋዴ ቶሎ ቶሎ የተለቀመ ውሃ ውሃ የሚል ወይን በዚያው ስም አራገፈ። በኤፕሪል 1991 ደግሞ ውርጭ ቡቃያውን አቃጠለው፤ ወይን ያጣው ገዢ ወደ ሌላ ነጭ ወይን ዞረ፣ ብዙዎቹም አልተመለሱም። ብዙ ገበሬ ተክሉን ነቀለ። የቀሩት ግን ከምርጦቹ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከወደቀው ስም ጋር ወድቆ ቀረ። ለገዢ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ የለም። ርካሽ ወይን ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም፤ በ14 ዶላር የሚሸጥ ቡርጎኝ ባገኝ እጠረጥራለሁ፣ በ14 ዶላር ሙስካዴ ግን ሙሉ ዋጋውን የከፈሉበት ወይን ነው።

ሲገዙ ጠርሙሱ ላይ የሚያዩት ይህን ነው። «ሙስካዴ» ብቻ የሚለው ከሰፊው አካባቢ የተሰበሰበ ነው፤ «ሴቭር ኤ ሜን» የሚለው ከ1936 ጀምሮ ሕግ የከለለው ዋናው መሬት ነው፤ «ሱር ሊ» የሚለው ከሌለ አይግዙት። ዓመቱ ካለፈው መከር ወይም ከዚያ በፊት ካለው ይሁን፤ ተራው ሙስካዴ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አምስት ዓመት የሚቆም አይደለም። ወይኑ የታሸገው በራሱ በአምራቹ ግቢ መሆኑን የሚናገር መስመር ይኖራል፣ «ዶሜን» ወይም «ሻቶ» የሚል ቃል ይፈልጉ። በዋሽንግተን አካባቢ ጥሩ ሱቆች የዶሜን ደ ላ ፔፒዬርንና የሉኖ ፓፓንን ሙስካዴ አንዳንዴ ይይዛሉ፤ ካገኟቸው ዓይንዎን ጨፍነው ይውሰዱ። «ክሊሶን»፣ «ጎርዥ» ወይም «ለ ፓሌ» የሚል ስም ከተጨመረበት ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ከ2011 ወዲህ ዕውቅና ያገኙ መንደሮች ናቸው፣ ወይናቸውም አተላው ላይ አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይተኛል። ወፍራም ነው፣ አሥር ዓመትም ይቆያል፣ ዋጋውም ወደ 30 ዶላር ይጠጋል። ለራስዎ አንድ ይግዙ፤ ለሠርግ አይደለም።

ስለ መልሱ። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ 150 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መቅጃ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ አንድ ካርቶን 12 ጠርሙስ 60 ብርጭቆ ነው። ከ60 እንግዳ ውስጥ ቢራውን፣ ውስኪውንና ጠጁን የሚመርጠው ቀላል አይደለም፤ ነጭ ወይን የሚይዘው ግማሹ ቢሆን ነው። አራት ካርቶን በምንም መንገድ አይፈልጉም። አገር ቤት አክሱሚት የለመዱ፣ ወይን ሲባል ጣፋጭ የሚጠብቁ አክስቶችና አጎቶችም ይኖራሉ፤ ሙስካዴ ቀድታችሁ ስትሰጧቸው የሚመጣውን ፊት አጎትዎ ላይ አይተውታል። እነሱን ለማስተማር መልስ ቦታው አይደለም።

ስለዚህ አንድ ካርቶን ሙስካዴ ይግዙና እንግዳ ሲገባ፣ ከዓሣውና ከክትፎው ጋር፣ ከዶሮ ወጡ በፊት ያቅርቡት። ለዶሮ ወጡ ሌላ አንድ ካርቶን፣ ስኳር ትንሽ የቀረበት ነጭ ወይን ይሁን። ከዋሽንግተን ስቴት የሚመጣው መካከለኛ ጣፋጭ ሪዝሊንግ ከ10 እስከ 12 ዶላር ይገኛል፤ በርበሬውን ያበርዳል፣ የሽንኩርቱን ጣፋጭነት ይቀበላል፣ አሲድም ስላለው እንደ ሽሮፕ አይከብድም። ገንዘብ ከተረፈዎት ከሎዋር ራሱ ቩቭሬ ደሚ ሴክ የሚባለው መካከለኛ ጣፋጭ ነጭ ወይን ከፍ ያለ ነው፤ ግን ለ60 ሰው በያንዳንዱ ጠርሙስ 25 ዶላር ማውጣት አልመክርም። ሙስካት ወይም ሞስካቶ የሚፈልግ ካለ ከኬኩ ጋር ሁለት ጠርሙስ ይበቃል። ዶሮ ወጥ በሙስካት የሚሞክር ሰው ካለ ይተዉት፤ ራሱ ያውቀዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች ቀርተዋል። አስም ያለበት እንግዳ ካለ ጠርሙሱ ላይ ስለ ሰልፋይት፣ ማለትም ወይኑን ከብልሽት ስለሚጠብቀው ንጥረ ነገር የተጻፈው እሱን ይመለከታል፤ ነጭ ወይን ውስጥ ሰልፋይት ብዙውን ጊዜ ከቀይ ይበልጣል። ለሌላው ሰው ግን በማግስቱ ራስ ምታት ከመጣ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የጠጣው ብዛትና ያልጠጣው ውሃ ነው። ሌላው ማጓጓዙ ነው፤ ካርቶኑን በሞቃት ቀን መኪና ውስጥ ትተው ሌላ ገበያ አይግቡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፣ ያኔ አጎትዎ እውነታቸውን ይሆናል።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ያልተከፈቱ ጠርሙሶችን መልሶ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚቀበል ከሆነ ከሪዝሊንጉ ስድስት ጨምረው ይውሰዱና ደረሰኙን ይያዙ።